አካፋውን አስቀምጡና ሞባይላችሁን አውጡ፦ የሰፈር ቅርስን በሰፈር ሰው የመመዝገብና የመጠበቅ አሠራር

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። ከአመታት በፊት አምስት ሆነን፣ ሁላችንም ስሜታችን ከእውቀታችን የበለጠብን፣ አንድ ፅሁፍ ያለበት አሮጌ ድንጋይ አገኘንና "እናፅዳው" ብለን የሽቦ ብሩሽ ይዘን ሄድን። የድንጋይ ሽበቱ ሲላቀቅ ደስ ሲል! እየፈተግን ፎቶ እንነሳለን፣ እንስቃለን፣ ከዛ አንዱ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ስሩ የተጠራቀመውን አቧራ በጣቱ ሲያሸው ዝም አለ። ሽበቱ ብቻ አልነበረማ፣ ድንጋዩ ራሱ ነበር እንደ ዱቄት የሚረግፈው። በማግስቱ ሄደን ስናየው ሁለት መስመር ፊደል ሳስቷል። ከመፈተጋችን በፊት ስንት ፎቶ አንስተናል? አንድ። እሱንም የኔ ጭንቅላት ግማሹን ሸፍኖታል።

ከዚህ በታች ያለው ከዛ ወዲህ ባለሙያ እየጠየቅን፣ እየተሳሳትንም የያዝነው አሠራር ነው። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ የሰፈር ሰው ለአርኪዮሎጂ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ቁፋሮ አደለም፣ "ይሄ ነገር እዚህ ጋ፣ እንዲህ ሆኖ ነበር" የሚል ማስረጃ ነው። ባለሙያው የሸክላውን እድሜ ላብራቶሪ ወስዶ ሊደርስበት ይችላል፣ የት ተኝቶ እንደነበር ግን ያየው ሰው ካልነገረው በየትኛውም ማሽን አያገኘውም።

"እኛ ተራ ሰዎች ምን አገባን፣ የምሁር ስራ ነው" የሚል አይጠፋም። እንዴ፣ ቻይና ውስጥ ሺአን አጠገብ ከጥንት ንጉሠ ነገሥት ጋር የተቀበሩትን የሸክላ ወታደሮች በ1974 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው) ያገኟቸው የውሀ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ፈረንሳይ ያለውን የጥንት ሰዎች የላስኮ ዋሻ ስእል በ1940 ያገኙት ደሞ አራት ጎረምሶች ናቸው። ማግኘት ሌላ ማቆየት ሌላ ነው ለሚለውም እነዚሁ ሁለቱ ይበቃሉ፦ ላስኮ በ1948 ለጎብኚ ተከፈተና የሰው ትንፋሽ ስእሉን እያበላሸ ስላስቸገረ በ1963 ተዘጋ፣ የወታደሮቹም ቀለም ከእርጥብ አፈር ወጥቶ ደረቅ አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ እየተሸበሸበ ይረግፍ ነበር። መሬት ውስጥ እያለ ስንት ዘመን የኖረ ነገር እኛ "አዳንነው" ባልንበት ቀን ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

1ኛ፦ ህጉን እወቁ፣ ፍቃድ ያዙ

ይሄን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፣ ስለሚያሰለች። አትዝለሉት። በብዙ አገር ከመሬት ስር የሚወጣ ጥንታዊ ነገር የመንግስት ነው፣ ያለ ፍቃድ መቆፈርም ያስከስሳል። ከአገር አገርም ይለያያል፦ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ ማንም ሰው ያገኘውን ወስዶ የሚያስመዘግብበት ስርአት አለ፣ ከአንድ ሚሊየን በላይ እቃ ተመዝግቦበታል፣ አብዛኛውንም ያመጡት ሜታል ዲቴክተር ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። ጎረቤቷ አየርላንድ ውስጥ ግን ያለ ፍቃድ በዲቴክተር ቅርስ መፈለግ ራሱ ወንጀል ነው። ስለዚ "እነ እገሌ አገር እንዲህ ይደረጋል" የሚል ቪዲዮ አይታችሁ አትነሱ፣ የራሳችሁን አገር ህግ ጠይቁ።

ለሚመለከተው የቅርስ መስሪያ ቤት ወይም ለሙዚየም የምትፅፉት ደብዳቤ አንድ ገፅ ይበቃዋል፦ እነማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ቦታ እንደምታዩ፣ እንደማትቆፍሩና ምንም እንደማታነሱ። "አንቆፍርም" የምትለዋ ቃል ብዙ በር ትከፍታለች፣ በራሴ አይቼዋለሁ። የመሬቱ ባለቤት ፍቃድም በፅሁፍ ይሁን፣ በቃል የሰጠ ሰው ነገ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ሀሳቡን ይቀይራል።

2ኛ፦ ሰው ስታሰባስቡ ቅርስ ወዳዱን ብቻ አትጥሩ

የታሪክ አስተማሪውና ቅርስ የሚወደው ሰው ሳትጠሯቸውም ይመጣሉ። የምታሳድዱት መሬት በየቀኑ የሚነካውን ነው፦ የቧንቧ ሰራተኛውን፣ ግንበኛውን፣ የስካቫተር ኦፕሬተሩን፣ አራሹን፣ እረኛውን፣ መቃብር ቆፋሪውን። እኛ ግሩፕ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ነገር የጠቆመን ቦይ የሚቆፍር ሰው ነው፣ "እዛ ጋ ሁሌ ዶማዬ ጥርብ ድንጋይ ይመታል" ይላል እንደ ቀላል ነገር።

ከዛ ደሞ "ቦታው የማነው?" የሚል ጥያቄ አለ። ቦታው ለአንድ ወገን የተቀደሰ ከሆነ ምን ፎቶ እንደሚነሳ፣ ምን እንደማይነገር የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ መጀመሪያ ቀን ተነጋግራችሁ ጨርሱት። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያሉት የማካ ነባር ህዝቦች የሰሩት እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ነው። በ1970 ማእበል ኦዜት የሚባለውን በጭቃ ናዳ የተቀበረ የአያቶቻቸውን መንደር ሲገልጠው ባለሙያዎቹን ራሳቸው ጠሩ፣ ቁፋሮው 11 አመት ፈጀ፣ ከ55,000 በላይ እቃ ወጣ፣ እቃው ግን የትም አልሄደም፣ እዛው ቀርቶ በ1979 የራሳቸውን ሙዚየም ከፈቱለት። ባለሙያው እንግዳ ነበር፣ ባለቤቶቹ እነሱ።

3ኛ፦ መሬቱን መራመድ

ይሄ ደስ የሚለው ክፍል ነው። ተሰልፋችሁ በመሀላችሁ 5 ወይ 10 ሜትር እየተዋችሁ በዝግታ ትሄዳላችሁ፣ አይናችሁ መሬት ላይ። ጥሩው ጊዜ መሬቱ ታርሶ ዝናብ ካጠበው በኋላ ነው፣ ገሉ ታጥቦ ይታያል። ሰአቱ ደሞ ጠዋት ወይ ወደ ማታ፣ ፀሀይ ዝቅ ስትል ትንሿ ጉብታም ጥላ ስለምትጥል።

ምን ትፈልጋላችሁ? ገል፣ በተለይ የአፍ ጠርዝ፣ ቂጥና ጌጥ ያለበት (የሆዱ ስብርባሪ ብዙ አይናገርም፣ እድሜና አይነት የሚለየው በጠርዙ ነው)፣ ጠቆር ያለ አመድ አፈር፣ ቀጥ ባለ መስመር የተደረደረ ድንጋይ። ሳሩንም እዩ፦ ስሩ ግድግዳ የተቀበረበት ቦታ ላይ ያለ ሳር በድርቅ ቀድሞ ይጠወልጋል፣ የድሮ ቦይ የነበረበት ላይ ያለው ደሞ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ አንዳንዴ ከድሮን ወይም ከሳተላይት ፎቶ ላይ የአንድ ቤት ፕላን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ያያችሁትን አታንሱ። አጠገቡ ችካል ሰክታችሁ እለፉ። ልጆች ካሉ ችካል ሰኪ አድርጓቸው፣ እጃቸው ስራ ካልያዘ ኪሳቸው በገል ይሞላል።

4ኛ፦ ፎቶና ፎርም

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ሙሉ ስራው ይሄ ነውና። ለእያንዳንዱ ነገር ቢያንስ 4 ፎቶ፦ አንዱ ከሩቅ (የማይነቃነቅ ነገር፣ ህንፃ ወይ ተራራ፣ ከጀርባው እንዲታይ)፣ አንዱ ከመካከለኛ ርቀት፣ አንዱ ከቅርብ ያለ ስኬል፣ አንዱ ከቅርብ ከነስኬሉ። ስኬል ማለት የ10 ሳንቲሜትር ማስመሪያ ነው፣ ከሌለ ሳንቲም አስቀምጡ፣ እጃችሁን ግን አታድርጉ፣ የሰው እጅ እኩል አደለም። ፅሁፍ ያለበት ድንጋይ ከሆነ ደሞ ኖራ፣ ጠመኔ፣ ውሀ፣ ዘይት ምናምን አትቀቡት። አመሻሽ ላይ ሂዱና ባትሪ ከጎን በኩል ድንጋዩን ታኮ እንዲመታው አድርጋችሁ ያዙ፣ ቀን የማይታይ ፊደል በጥላው ብቻ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ፀጉሬ ነው የቆመው።

ሎኬሽን በስልካችሁ ያዙ፣ ግን የስልክ ጂፒኤስ ሜዳ ላይም 5 ሜትር ያህል ይስታል፣ ህንፃ ወይ ዛፍ ስር ይብሳል። 5 ሜትር ማለት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሳት ማለት ነው። ስለዚ ሜትር ዘርጉና ከሁለት የማይንቀሳቀሱ ነጥቦች ርቀቱን ለኩ፦ ከቤቱ ጥግ ይሄን ያህል፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ይሄን ያህል፣ በየትኛው ወገን እንደሆነም። ስልኩ ጠፍቶ እንኳ ነገ በገመድ ታገኙታላችሁ።

ፎርሙ ረጅም አይሁን፣ ረጅም ፎርም ማንም አይሞላውም። የኛ ይሄን ይመስላል፦

ቁጥር፦ 014
ምንድነው፦ የገል ጠርዝ፣ ቀይ፣ ሁለት ጭረት አለው፣ የመዳፍ ግማሽ
የት፦ ከቤቱ ደቡብ ጥግ 12.40 ሜትር፣ ከምሰሶው 7.15 ሜትር፣ ከሁለቱ መስመር በስተምስራቅ
እንዴት ተገኘ፦ ውሀ በገለጠው ቦይ ዳር፣ ከመሬቱ ፊት 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ
ሁኔታ፦ አንድ ጠርዙ አዲስ ስብራት
ተነካ ወይ፦ አልተነካም
ማን፣ መቼ፦ (ስምና ቀን)
ፎቶ፦ 014_1 እስከ 014_4

"አዲስ ስብራት" የምትለዋን አትናቋት። አዲስ ስብራት ንፁህና ቀለሙ የደመቀ ነው፣ ያ ማለት ቅርብ ጊዜ አንድ ነገር ሰብሮታል፣ ሌላኛው ቁራጭም እዛው አካባቢ አለ ማለት ነው።

ትልቅ ነገር ከሆነ፣ በር፣ ሀውልት፣ ግድግዳ፣ በስልክ 3ዲ ሞዴል መስራት ይቻላል፣ ዙሪያውን እየዞራችሁ ፎቶ ከፎቶ ቢያንስ 60 ፐርሰንት እየተደራረበ ታነሳላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ይገጣጥመዋል። ደመናማ ቀን ምረጡ፣ ጥላ ያበላሸዋል።

5ኛ፦ ትልልቅ ሰዎችን ስትጠይቁ "ታሪክ ይንገሩን" አትበሉ

አንዲት እናት ጋ ሄደን "እማማ፣ ስለዚህ ቤት ታሪክ ይንገሩን" አልናቸው። "እኔ ምን ታሪክ አውቃለሁ ልጄ፣ ያልተማርኩ ሰው ነኝ" ብለው ዘጉን። ልንወጣ ስንል አንዷ ልጅ ስልኳ ላይ ያለውን የግድግዳውን ፎቶ አሳየቻቸው። ስልኩን ወደ አይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ ከዛ "ይሄ እኮ በር ነበር፣ በዚህ ነው ውሀ ይዘን የምንገባው፣ እኔ ሳላገባ ነው የደፈኑት" አሉ። ሁለት ሰአት አወሩ። እኛ ደሞ ያንን የድንጋይ አደራደር ለውጥ ለሶስት ወር "ጥገና" ብለን ፅፈነዋል።

ስለዚ ጥያቄው የሚጨበጥ ነገር ላይ ይሁን። ይሄ በር ወዴት ያስወጣ ነበር? ጣራው ምን ነበር? ድንጋዩ ከየት መጣ? የድሮ የቤተሰብ አልበም ለምኑ፣ ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየው ግድግዳ ነው የናንተ ሀብት። ስትቀዱ አስፈቅዱ፣ ድምፃቸው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው ንገሯቸው፣ ኮፒውንም ለልጆቻቸው ስጡ።

6ኛ፦ ድንገት ቢወጣስ?

ቤት ሊሰራ መሰረት ሲቆፈር ነገር ብቅ አለ እንበል። አቁሙ። አትጎትቱ፣ ግማሹ የወጣ ነገር ግማሹ አፈር ውስጥ ተይዟል፣ ከጎተታችሁ ይሰበራል። ባለበት ፎቶ፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ እቃው ጥልቀቱን ለኩ፣ ከዛ በወጣው አፈር መልሳችሁ ሸፍኑትና ደውሉ። ሽፋኑ ከፀሀይም ከሌባም ያድነዋል።

የሰው አጥንት ከሆነ መጀመሪያ ፖሊስ ነው የሚጠራው፣ ጥንታዊ ይሁን የቅርብ ወንጀል እናንተ አትለዩትም። ጦርነት ያለፈበት ቦታ ላይ የዛገ ብረት ካያችሁ ደሞ ፎቶም ይቅር፣ ራቁ።

ግድ ሆኖ፣ ለምሳሌ ጎርፍ ሊወስደው ሆኖ፣ መነሳት ካለበት መመሪያው እንደወጣበት ማቆየት ነው፦ እርጥብ የወጣ እንጨትና ቆዳ እርጥብ ይቆይ (ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይኮማተራል)፣ ብረት ደረቅ ይቆይ። ብረቱን አትፈትጉ፣ ዝገቱ ውስጥ ነው አንዳንዴ የጨርቅ አሻራ የሚቀረው። ከሰል ካገኛችሁ በእጃችሁ አትንኩ፣ በንፁህ ነገር አንስታችሁ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉ። እድሜው የሚለካው በውስጡ ባለው ሬዲዮአክቲቭ ካርቦን ነው፣ በየ5,730 አመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፣ እስከ 50,000 አመት ገደማ ያለውን ያስለካል፣ የእጃችሁ ቅባትም ሆነ የሲጋራ አመድ ግን አዲስ ካርቦን ስለሆነ ሂሳቡን ያዛባዋል።

7ኛ፦ ባለሙያ መጥቶ ቁፋሮ ሲጀመር

አሁን አካፋው ይመጣል ብላችሁ ከሆነ፣ ይቅርታ፣ ብዙውን ጊዜ የሚደርሳችሁ ወንፊትና ባልዲ ነው። ባለሙያው በግንበኛ ማንኪያ አፈሩን በስሱ እየላጠ በንብርብር ይወርዳል፣ የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል፣ አይጥ ወይ ስር ካላተራመሰው። የናንተ ባልዲ የአንድ ንብርብር አፈር ብቻ ይይዛል፣ ላዩ ላይ የየትኛው ንብርብር እንደሆነ የሚናገር ካርድ አለው። ያ ካርድ ከጠፋ ባልዲው ውስጥ ወርቅ ቢኖር እንኳ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። ስለዚ ሁለት ካርድ ፃፉ፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ፣ በእርሳስ፣ እስክሪብቶ በውሀ ይለቃል።

ገል ስታጥቡ በንፁህ ውሀና በለስላሳ ብሩሽ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁ። ቀለም የተቀባ ወይም በደንብ ያልተቃጠለ ከሆነ ውሀ አታስነኩት፣ ጠይቁ። ለመጠየቅ አትፈሩ፣ ባለሙያ የሚናደደው ጠይቆ በሚያሰለቸው ሳይሆን ሳይጠይቅ በሚያጥበው ነው።

8ኛ፦ አሮጌ ቤት ከሆነ መጀመሪያ ውሀውን

ሰው አሮጌ ግንብ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ሲሚንቶ ነው። አረ በፈጣሪ! መጀመሪያ ጣራ ውጡና አሸንዳው ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፣ ግድግዳው ስር ውሀ የሚተኛ ከሆነ መውረጃ ስሩለት፣ ግንቡ ውስጥ ስር የሰደደውን ችግኝ ገና ትንሽ እያለ ከስሩ ቁረጡት (አትንቀሉት፣ ድንጋዩን ይዞት ይወጣል)። ይሄ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግማሹን ጉዳት ግን ያቆማል።

ሲሚንቶ ለምን አይሆንም? የድሮው ግንብ በኖራ ወይ በጭቃ ነው የተያያዘው፣ እነሱ እርጥበት ያስተነፍሳሉ። ሲሚንቶ ያፍነዋል። ውሀው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ሲደርቅ የያዘው ጨው ድንጋዩ ውስጥ እየደደረ ፊቱን ይልጠዋል። አሮጌ ግንብ አጠገብ ሄዳችሁ እዩ፦ የሲሚንቶው መስመር ጠንክሮ ቆሞ መሀል ያለው ድንጋይ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ይሄው ነው። በኖራ ስትሰሩ ደሞ ትግስት ይኑራችሁ፣ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦንዳይኦክሳይድ እየወሰደ በቀስታ ነው፣ ለቀናት በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። መነፅርና ጓንት ግዴታ ነው፣ አይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል።

በህዝብ የሚጠበቅ ህንፃ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ማሊ ውስጥ የጄኔን ትልቁን የጭቃ መስጊድ ይይ። አሁን ያለው በ1907 የተሰራ ነው፣ በየአመቱ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ይመርገዋል፣ ከግድግዳው ጎልተው የወጡት እንጨቶችም መወጣጫ ሆነው ያገለግላሉ። ህንፃው ሲሰራ ጀምሮ ሰው እንደሚንጠላጠልበት ታስቦበታል ማለት ነው።

የጎደለውን ክፍል በግምት መስራት ግን ተዉት። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ስለ ቅርስ ጥገና የተፃፈ አለም አቀፍ ሰነድ ነው፣ ግምት በሚጀምርበት ቦታ እድሳት ይቁም የሚል ሀሳብ አለው፣ ግማሽ ሆኖ የቆመ ቅስት ግማሽ ሆኖ ይቁም።

9ኛ፦ መረጃውን የት? ምኑን ትለጥፋላችሁ?

የኛ የመጀመሪያ አመት ፎቶ በሙሉ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነበር፣ እንደ ፎቶ ስትልኩት እንደሚያሳንሰው ያወቅነው ፊደሉን ለማንበብ ስናጎላው ነው። ኦሪጅናሉን እንደ ፋይል ላኩ፣ ሶስት ቦታ አስቀምጡ (ኮምፒውተር፣ ሃርድ ዲስክ፣ ኢንተርኔት ላይ)፣ ፎርሙን ደሞ ፕሪንት አድርጋችሁ ላይብረሪ ወይ ሙዚየም ስጡ፣ ፓስዎርድ የያዘው ልጅ ውጭ አገር ሊሄድ ይችላላ።

ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉ ትክክለኛውን ቦታ አትፃፉ። ዘራፊም ፖስታችሁን ያነባል። ፎቶው ውስጥ የተደበቀውን ሎኬሽን አጥፉ፣ ከጀርባ የሚታየው ህንፃ ቦታውን እንዳያሳብቅ ቁረጡት። አንድ ሰው "ልግዛችሁ" ብሎ በውስጥ መስመር ከመጣ ስክሪንሾት ያዙና ለሚመለከተው አሳውቁ፣ የተዘረፈ ቅርስ ንግድን የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት ከ1970 ጀምሮ አለ፣ ብዙ አገሮች ፈርመውታል።

በየአመቱ በዛው ወር እዛው ቆማችሁ ያንኑ ፎቶ ድገሙት። የቆማችሁበት ላይ ምልክት ይኑር። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የትኛው ስንጥቅ እንደሰፋ ማንም ሳያስረዳ ይታያል፣ ቢሮ ይዛችሁ ስትሄዱም ከአስር ደብዳቤ እሱ ይሻላል።

መዝገቡ ውስጥ የራሳችሁንም ጥፋት ፃፉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ጉዳቱ ከዝናብ ነው ከሰው እንዳይደናገር። የኛ ድንጋይ ቁጥሩ 001 ነው። "ሁኔታ" የሚለው ላይ "ሁለት መስመር ፊደል ሳስቷል፣ በሽቦ ብሩሽ ተፈትጎ፣ በኛው" ይላል፣ ቀኑም አለ፣ የአምስታችንም ስም አለ፣ ፎቶ የሚለው ላይ ደሞ "አንድ ብቻ፣ ግማሹ ጭንቅላት"።